«ጉበትህ ስብ አለው» ከተባልኩ በኋላ

ባለፈው ጥር ነው። ከቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ዝቅ ብሎ የሆነ ነገር ሲከብደኝ ሰነበተ። ሕመም ብዬ አልጠራውም፤ ከበላሁ በኋላ የሚመጣ፣ ቀበቶ የሚያስፈታ ዓይነት ክብደት ነው። ጨጓራ ይሆናል ብዬ ሁለት ሳምንት ተልባ ጠጣሁ። አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ሥራ ሲላላልኝ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። የማነሳው ከሌሎቹ ስለባሰ ሳይሆን እንደ ሌሎቹ ስለሆነ ነው።

ካርድ አወጣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድ ክፍል ገብቼ ተጋደምኩ። ባለሙያው ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ አፍስሶ ስክሪኑን እያየ «ጮማ ትወዳለህ መሰለኝ» አለኝ። ሳቅኩ። በዚህ ኑሮ ጮማ የሚባል ነገር ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ በፋሲካ ነበር። ውጤቱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ስገባ ወረቀቱን ገረፍ አድርጎ አየና «ጉበትህ ስብ አለው። ግሬድ አንድ። ቅባት ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ» ብሎ ማዘዣ ጻፈልኝ። የጉበት ማጠንከሪያ የሚባል እንክብል ለአንድ ወር። የደም ውጤቴ ከማዘዣው ሥር ታጥፎ ተሰጠኝ። ስለ እሱ አንድም ቃል አልተባለም።

የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ትጠጣለህ?»

«አልፎ አልፎ» አልኩት።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ቆቦ ውስጥ «አልፎ አልፎ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የቆቦ ሰው ያውቀዋል። ቢራ ሲሆን መጠጥ ነው፣ አረቄ ሲሆን መጠጥ ነው፣ ጠላ ግን ምግብ ነው። ማኅበር ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ ከእርሻ መልስ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ሳይፈላ በፊት የሚቀመሰውን ማንም አይቆጥረውም። እኔም አልቆጠርኩትም። ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ በልቤ ደመርኩት፤ በሳምንት ውስጥ ያልቀመስኩበት ቀን ሁለት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሐኪሙን ዋሽቼዋለሁ። እሱም እንድዋሸው በሚያመች መንገድ ነው የጠየቀኝ።

በዓለም ላይ ያለው የጉበት ስብ ምርመራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ጉበት ላይ ስብ ያየ መሣሪያ ስቡ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከመጠጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ሊመጣ ይችላል፣ ከአንዳንድ መድኃኒቶችም ሊመጣ ይችላል። በምስል ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት የበሽታውን ስም እስከመቀየር የደረሱት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። «ከአልኮል ውጪ የሆነ» የሚለውን የድሮ መጠሪያ ትተው ከሰውነት የስኳርና የስብ አጠቃቀም መዛባት ጋር አያያዙት። ከወፍራሙ ስኳር በሽተኛና ከጠጪው መካከል ለሚገኘው፣ ሁለቱም ላለበት ሰውም ለብቻው ስም ሰጡት። እኔ በየትኛው ስም እንደምጠራ ለማወቅ ሐኪሙ ጣሳውን በቁጥር ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር። «በሳምንት ስንት ቀን? በቀን ስንት ጣሳ? ከየት ቤት?» ብሎ። ከየት ቤት የሚለው ቀልድ አይደለም፤ የአንዷ ጠላ ውኃ ነው፣ የሌላዋ ሁለት ብርጭቆው አልጋ ያሲዛል።

ጋዜጠኛ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ወረቀት አንብቦ ያልገባውን መጠየቅ ሥራዬ ነው። ያን ምሽት እንክብሉን ሳልጀምር ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ቀጥሎም ደሴ የሚሠራ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የነበረ ሐኪም ዘንድ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ የተረዳሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ቻናል ላይ ካለን ሰዎች ብዙዎቻችን «ስብ አለው» የሚል ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ያለን ይመስለኛል።

አልትራሳውንድ የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው። የጉበትን ንጣት አጠገቡ ካለው ከቀኝ ኩላሊት ንጣት ጋር ያወዳድራል። ጉበት ከኩላሊት ይልቅ ካበራ ስብ አለው ይባላል። ጤናማ ጉበት ውስጥ ስብ ያለባቸው ሴሎች ከመቶ ከ5 አይበልጡም፤ አልትራሳውንድ ግን በደንብ የሚያየው ስቡ ከመቶ 20 ወይም 30 ሲያልፍ ነው። ስለዚህ «የለህም» ቢልህም ሊኖርህ ይችላል። ግሬድ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባለውም የንጣቱ መጠን ነው እንጂ የአደጋው መጠን አይደለም። እኔ ግን ግሬድ ማለት እንደ ካንሰር ደረጃ መስሎኝ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጠባሳ አለ ወይስ የለም? ስብ ብቻውን ጉበት ላይ ለዓመታት ተቀምጦ ሰውየው በሌላ በሽታ ሊሞት ይችላል። ስቡ ቁጣ ሲያስነሳ፣ ቁጣው ጠባሳ ሲተው፣ ጠባሳው ተደራርቦ ጉበቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ሲጨማደድ ግን ሲሮሲስ ይሆናል። እኛ አገር «ሆዱ ውኃ ቋጠረ» የሚባለው መጨረሻው እሱ ነው። ሰውን የሚገድለው ጠባሳው ነው። ተራ አልትራሳውንድ ደግሞ ጠባሳን እስኪበረታ ድረስ አያየውም።

ጠባሳን ለማየት ድሮ በመርፌ ከጉበት ቁራጭ ሥጋ ይወሰድ ነበር፤ አሁንም አጠራጣሪ ሲሆን ይወሰዳል። ከዛሬ 20 ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ ፋይብሮስካን የሚባል የፈረንሳይ መሣሪያ አለ። ጎንህ ላይ ቱክ ቱክ እያደረገ ትንሽ ንዝረት ይልክና ንዝረቱ ጉበትህ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይለካል። ለስላሳ ጉበት ውስጥ ቀስ ይላል፣ ደረቅ ጉበት ውስጥ ይሮጣል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ አያምም። ችግሩ ቆቦ የለም። ጓደኛዬ «አዲስ አበባ ብትመጣ ይሻላል» አለኝ። አዲስ አበባ ከዚህ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በየትኛው ቀን እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚያውቀው ሹፌሩም አይደለም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«የደም ውጤትህን አንብብልኝ» አለ።

ያቺ ታጥፋ የተሰጠችኝ ወረቀት! ኤኤስቲ 48፣ ኤኤልቲ 62፣ ፕሌትሌት 210 ሺህ። ዕድሜዬ 36። ስልኬ ላይ ካልኩሌተር ክፈት አለኝ። ዕድሜህን በኤኤስቲ አባዛ፤ 1728። አሁን የኤኤልቲን ስኩዌር ሩት አውጣ፣ በፕሌትሌቱ አባዛው፤ 1653 ገደማ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። 1.05 መጣ። «ከ1.3 በታች ነህ፣ ከባድ ጠባሳ የመኖር ዕድሉ ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ብትሆን ኖሮ አሁኑኑ ተነሳ እልህ ነበር» አለኝ።

ይኼ ስሌት ፊብ ፎር ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ አንድ ላይ ላለባቸው ሰዎች የተሠራ ነበር፤ ቆይቶ ለጉበት ስብም መጀመሪያ የሚሠራ ማጣሪያ ሆነ። የሚሠራበት ምክንያትም ይገባል። ጠባሳ ጉበቱን ሲያጠብቀው ወደ እሱ የሚፈስሰው ደም መንገድ ያጣና ወደ ጣፊያ ይገፋል፤ ጣፊያ ያብጥና ፕሌትሌቶችን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ በደም ውስጥ የፕሌትሌት ቁጥር መውረድ ከጉበት የሚመጣ ደብዳቤ ነው። ማንኛውም ሲቢሲ የሚሠራ ላቦራቶሪ ይህን ደብዳቤ በየቀኑ ያትመዋል። አንባቢ የለውም እንጂ።

ታሪኬ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር። በራሴ ጉዳይ ተነፈስኩ። እንክብሉን ተውኩት፤ እንዲህ ያሉ ማጠንከሪያዎች ጠባሳ እንደሚያጠፉ የተረጋገጠ ነገር የለም፣ የወር ዋጋቸው ግን የአንድ ቤተሰብ የዘይት ወጪ ነው። ጠላውን ለሦስት ወር አቆምኩ፣ ሻይ ላይ አራት የነበረውን ስኳር ወደ አንድ አወረድኩ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ መራመድ ጀመርኩ። ክብደትን ከመቶ 5 መቀነስ ስቡን እንደሚቀንሰው፣ ከመቶ 7 እስከ 10 ከሆነ ደግሞ ቁጣውንም እንደሚያበርደው ከእንክብሉ በተሻለ የተረጋገጠ ነው። ቡናዬን ግን አልነኩም። ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ለወሎ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምሥራች የለም።

ታሪኩ የቀጠለው አጎቴ ጋ ነው። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ 58 ዓመታቸው። እርሻቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ማሽላ። የካቲት ላይ ቤት መጥተው ቡና እየጠጣን ስለ ጉበቴ ሳወራ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡና «እኔም እኮ እንደዚያው ተብያለሁ» አሉ። ወረቀቱን በማግሥቱ አመጡልኝ። ከስምንት ወር በፊት በሌላ ከተማ፣ በሌላ ክሊኒክ የተሠራ። «ጉበቱ ስብ አለው።» ከሥሩ በእንግሊዝኛ በትንሹ «ጣፊያው በመጠኑ ተልቋል» ይላል። እሳቸውም ቅባት ቀንሱ ተብለው እንክብል ተሰጥቷቸዋል። ሰውየው ሽንብራ የሚያህል ሆድ የላቸውም፤ አጥንትና ጅማት ናቸው። ቅባቱን ከየት አምጥተው ይቀንሱ?

በአገራችን በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለው አዋቂ ከመቶ 6 ገደማ እንደሆነ ነው ያገኘው። ቀጭን ሰው ጉበቱ ስብ አይይዝም ማለት አይደለም፣ ይይዛል። ግን የራያ ቆላ ገበሬ ወረቀት ላይ ይህን ቃል ያየ ሐኪም መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ሌላ ምን አለ?» ብሎ ነው።

የደም ውጤታቸውን ጠየቅኩ። ኤኤስቲ 71፣ ኤኤልቲ 49፣ ፕሌትሌት 118 ሺህ። ስልኬን አውጥቼ አሰላሁት። 4.99 መጣ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ አሰላሁት። ያው ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«እንደገና ደም እንስጥ ይላል አያ» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ደሴ ያለው ጓደኛዬ ቁጥሩን ሲሰማ ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ያልጠበቅኩትን ነበር፤ «ያን ሰሞን ወባ ይዟቸው ነበር?» ብልህ ጥያቄ ነው። ወባ በራሱ ፕሌትሌት ያወርዳል፣ ጣፊያም ያሳብጣል። በመስኖ ቦይ የሚገኘው ብልሃርዝያም ከዓመታት በኋላ ጉበት ውስጥ የራሱን ጠባሳ ይሠራል፣ ጣፊያንም ያሳብጣል። ይህ ስሌት የተሠራው ወባ ለማያውቁ ሰዎች ነው። ከዕድሜም አንፃር ከ35 በታችና ከ65 በላይ ሲሆን ይወላገዳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የወጣ ቁጥር ወባ አለመኖሩ ታይቶ፣ ሳምንታት ቆይቶ መደገም አለበት። ደገምነው። ወባ የለም። ፕሌትሌት 121 ሺህ። ያው ነው ማለት ነው።

ስለ መጠጡ ጠየቅኳቸው፤ በጣሳ ቆጥሬ። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ቆጠሩልኝ። ከጠበቅኩት በላይ ነበር፣ አረቄም ነበረበት። «ከመቼ ጀምሮ ነው አረቄው?» አልኳቸው። ወደ በሩ አዩ። «ከጳጉሜን ወዲህ» አሉ።

የትኛው ጳጉሜን እንደሆነ የቆቦ ሰው አይጠይቅም። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የዚያን ቀን በከተማዋና በአካባቢዋ በሲቪሎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ ሂዩማን ራይትስ ዎችም አምነስቲም መዝግበውታል፤ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው ማታ ማታ ሳይጠጣ መተኛት እንዳቃተው ግን የመዘገበ የለም። አንድ የጤና ባለሙያ «ትጠጣለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ከጥያቄው ኋላ ይኼ ሁሉ ተሰልፎ እንዳለ ቢያውቅ ጥሩ ነው። የሰሜን ወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በዚያው ጦርነት ተዘርፈው እንደገና ከዜሮ የተነሱ ናቸው። በ2014 ነሐሴ ደግሞ ጦርነቱ ቆቦን ተመልሶ ጎበኛት። በ2015 ነሐሴ የክልሉ ግጭት ቀጠለ። ስለዚህ ስለ ጤና ተቋሞቻችን ስጽፍ ብዕሬን ማለዘብ እወዳለሁ። ነገር ግን የማባዛትና የማካፈል ሥራ በጦርነት አይዘረፍም።

ደሴ ሄድን። 170 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ቀን ጠብቀን መንገድ ሲከፈት። እዚያ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ወረቀቱን እስከ ታች አነበበ። መጀመሪያ ያዘዘው ምርመራ በጣም ርካሹን ነው፤ ጣት ተወግቶ እንደ እርግዝና መመርመሪያ በመስመር የሚታየውን የሄፓታይተስ ቢ ፈጣን ምርመራ። ሁለት መስመር ወጣ።

ስምንት ወር ሙሉ «ስብ» ተብሎ የቆየው ሰውዬ ሄፓታይተስ ቢ ነበረባቸው። ስቡም ምናልባት እውነት ነው፣ መጠጡም የራሱን ሠርቷል። ግን ዋናው እሳት ሌላ ነበር፤ ጭሱን አይተን ማድጋውን ስንመረምር ከረምን።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የአገራችንን ጥናቶች በአንድነት ያጠናቀረ ሥራ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 7 ገደማው ቫይረሱ እንዳለበት ገምቷል። የሕፃናት ክትባቱ በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ፣ እኔም ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁም፣ በልጅነታችን አልተከተብንም ማለት ነው። ይህ ቫይረስ ባለበት አገር «ስብ አለው» ተብሎ የሄፓታይተስ ምርመራ ሳይታዘዝ የሚሸኝ ሰው በግማሽ ታይቶ ነው የተሸኘው። ነገሩ ቆላ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማሽላችንን በጉድጓድ እናስቀምጣለን፤ እርጥበት ያገኘው እህል የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፣ ያ መርዝና ሄፓታይተስ ቢ ሲገናኙ የጉበት ካንሰር ዕድልን አንዱ ለብቻው ከሚያደርገው በላይ ያባዙታል። ጫትም አለ። በሐረር ጁገልና ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ፣ አብዝቶ የቃመም የበለጠ እንደሚጎዳ አሳይቷል። ከራያ እስከ መርሳ ያለው የጫት ማሳ እያደገ ሲሄድ እኛ ላቦራቶሪ ስንገባ «ትቅማለህ?» ተብለን የምንጠየቀው ስንቶቻችን ነን?

ወጣቱን ሐኪም «ፋይብሮስካን አዲስ አበባ እንውሰዳቸው?» አልኩት። «መድኃኒቱን ለመጀመር አያስፈልግም» አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ኤፕሪ የሚባል ሌላ ቀላል ስሌት አለ፤ ኤኤስቲውን ለመደበኛው ጣሪያ አካፍለህ፣ በ100 አባዝተህ፣ ለፕሌትሌት ታካፍላለህ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት አዋቂ ከ0.5 ካለፈ ሕክምና ይጀምራል፤ ከ1 ካለፈ ሲሮሲስ ይጠረጠራል። የአጎቴ 1.5 ነው። በዚያው ቀን ቴኖፎቪር ታዘዘላቸው፤ በቀን አንድ ኪኒን፣ የኤችአይቪ ሕክምና ውስጥም ያለው ያው መድኃኒት። ይህ ሕክምና በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በሰፊው የተሞከረው በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በተጀመረው ፕሮግራም ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። ይቻላል ማለት ነው፣ ታይቷል።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልምጣ።

ሐኪሙ «ቤተሰብ በሙሉ ይመርመር» አለ። ሚስታቸው ነፃ ሆኑ። ሁለቱ ትንንሾች፣ ከ1999 በኋላ የተወለዱት፣ ነፃ። 22 ዓመት የሆናት ትልቋ ልጅ ግን «እኔ አልመረመርም» አለች። ለምን ስንላት ዝም። እናቷ ተቆጣች፣ አባቷ ለመኑ። በመጨረሻ እኔን ወደ ጓሮ ጠራችኝና «ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳውዲ ልትሄድ ነበር። በሕጋዊ መንገድ፣ በኤጀንሲ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሠራተኛ የሚያስደርጉት የሕክምና ምርመራ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አለ። «ሜዲካል ወደቅሽ» ተባለች። ለምን ብላ ስትጠይቅ «ጉበት» አሏት፤ ያቺ አንዲት ቃል ብቻ። ወረቀቱን አልሰጧትም። ወዴት ሂጂ፣ ምን አድርጊ፣ ቤተሰብሽን አስመርምሪ ያላት ሰው የለም። ቤት መጥታ «ፕሮሰሱ ተበላሸ» አለች። ሠፈር ውስጥ ጉበት የሚለው ቃል ከ«ወፍ በሽታ» ጋር ተያይዞ እንዴት እንደሚወራ ስለምታውቅ፣ ማንም አያገባኝም ብላ ስለፈራች፣ ለሁለት ዓመት ለብቻዋ ያዘችው። በመሐሉ አንድ ጊዜ የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ ሰው ዘንድ ሄዳ ቅጠል ጠጥታለች። አባቷ በዚያው ቤት፣ በዚያው ሁለት ዓመት አረቄያቸውን ይጠጡ ነበር። የእሷ ወረቀት በእጇ ተሰጥቷት፣ አንድ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግራት ኖሮ እሳቸው ከሁለት ዓመት በፊት ኪኒኑን ይጀምሩ ነበር። ስሌቱ ምናልባት 4.99 ላይ አይደርስም ነበር።

ከራያ ቆቦ በየዓመቱ ስንት ወጣት «ሜዲካል» እንደሚያደርግ አስቡት። ይህች አገር በነፃ የምታገኘው ትልቁ የሄፓታይተስ ምርመራ ይኼ ሊሆን ይችላል። የተገኘው ሰው ግን «ወደቀ» ተብሎ ይጣላል። የሚያሳዝነኝ ቃሉ ራሱ ነው። ፈተና አይደለም እኮ የወደቀችው።

በ1990ዎቹ ውስጥ በትግራይ ታህታይ ቆራሮ አካባቢ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ የሚሞቱበት ያልታወቀ የጉበት በሽታ ነበር። ነገሩ በውኃው ነው፣ በእርግማን ነው እየተባለ ቆየ። ተመራማሪዎች ዓመታት ፈጅተው ሲፈትሹት ከእህሉ ጋር አብሮ የሚበቅል መርዛማ አረም ሆኖ ተገኘ። ያንን ሳነብ የተረዳሁት የእኛ ሰው «ጉበት» ብሎ የሚጠራው አንድ ነገር እንዳልሆነ ነው። እናቴም ሌላ ወንድም ነበራት፣ በ1998 ሆዱ ውኃ ቋጥሮ የሞተ። የቤታችን ታሪክ እሱን «ወፍ ገደለው» ብሎ ዘግቶታል። አሁን ያ ፋይል እንደገና መከፈት አለበት፣ ምክንያቱም አራት ወንድምና እህት ነበሩ፤ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ኪኒን ጀመረ፣ ሁለቱ አልተመረመሩም። ከሁለቱ አንዷ እናቴ ናት።

እኔ ተመርምሬያለሁ፣ ነፃ ነኝ፣ የመጀመሪያውን ክትባት ወስጃለሁ። ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ ነው። እናቴ «ከፋሲካ በኋላ» ብላ ነበር፤ ፋሲካ አለፈ። ቀጥላ «የአጎትህን ነገር ልይ» አለች። አጎቴ አረቄውን ትተዋል፣ ጠላውን ግን «ቀንሻለሁ» ነው የሚሉት፤ እኔም ቀንሻለሁ የሚለውን ቃል አልፎ አልፎ ከሚለው ጋር አብሬ መዝግቤዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ኪኒኑ እንዳይቋረጥ ነው፣ መቋረጡ በሽታውን ድንገት ሊቀሰቅሰው ይችላል ተብለናል። ስለዚህ መንገድ ሲከፈት የሁለት ወር እንገዛለን።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደሴ ሄዳ ደሟ ታየ። ኢንዛይሟ ደህና ነው፣ ፕሌትሌቷ ደህና ነው። መድኃኒት ለጊዜው አላስፈለጋትም፤ በየስድስት ወሩ ትታያለች። ሐኪሙን እኔ ፊት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማግባት እችላለሁ?» «ትችያለሽ» አላት። «ባልሽ ይመረመራል፣ ነፃ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይከተባል። ልጅ ስትወልጂ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተባል። አለቀ።» ወረቀቷን በእጇ ሰጣት። ተመልሰን መኪና ውስጥ ስንቀመጥ ወረቀቱን ከቦርሳዋ ደጋግማ ታወጣው ነበር። ወልድያ ስንደርስ ፕሌትሌት የሚለውን ቁጥር እያሳየችኝ «ይኼን እንዴት ነበር የምታካፍለው?» አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት። ዕድሜዋ ገና ስለሆነ ስሌቱ ለእሷ በደንብ እንደማይሠራ ነገርኳት፤ እሷ ግን ለማንኛውም አሰላችው።